«የትኛው መርፌ ይሻለኛል?» ስለ መንጋጋ መገጣጠሚያ ህመምና ስለ መርፌዎቹ

ጥያቄው፦ «34 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። ከ8 ወር ወዲህ ግራ መንጋጋዬን ከጆሮዬ ፊት ያመኛል። አፌን ስከፍት ቀጭ ይላል። ጠዋት ስነሳ ፊቴ ድርቅ ብሎ፣ ራሴን ከጎንና ጎን ይዞኝ ነው። ሥጋ ሳኝክ ቶሎ ይደክመኛል። ባለቤቴ ሌሊት ጥርስሽን ታፋጫለሽ ይለኛል። መጀመሪያ ጆሮ ነው ተብዬ ጠብታ ተሰጠኝ። ከዚያ የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሴ ነው ተብሎ ተነቀለ። ለውጥ የለም። እናቴ ወጌሻ ጋ ወሰደችኝ፤ ወልቋል ብሎ ሳበው፣ ባሰብኝ። ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ ዲስኩ ተንሸራቷል ይላል። አንድ ክሊኒክ ቦቶክስ እንድወጋ ነግሮኝ ለቅዳሜ ቀብድ ከፍያለሁ። ሌላው መገጣጠሚያው ታጥቦ ፒአርፒ ይሰጥሽ አለኝ። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ የጄል መርፌ ተወግታ ድናለች። የትኛው ይሻለኛል? ፊቴስ ሽባ አይሆንም?»

ምላሽ፦ ለአሁኑ አንዱም አይሻልዎትም። «የትኛው መርፌ?» ከመባሉ በፊት «የታመመው የቱ ጋ ነው?» መባል ነበረበት። ሁለቱ ክሊኒኮች እጃቸው ላይ ያለውን አቀረቡልዎ። የታመመውን ቦታ ለይቶ የነገረዎ ግን ያለ አይመስለኝም።

የመንጋጋ ህመም አንድ በሽታ አይደለም። ሦስት አራት የተለያዩ ችግሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። ጡንቻው ሊሆን ይችላል። በመገጣጠሚያው መሀል ያለው ዲስክ ሊሆን ይችላል። አጥንቱና የውስጥ ሽፋኑ ተቆጥተው ሊሆን ይችላል። ወይም መገጣጠሚያውን የያዙት ጅማቶች ላልተው ይሆናል። ለጡንቻ የሚሰጥ መርፌ ዲስክን አይነካውም። ላልቶ ለሚወልቅ መንጋጋ የሚሰጠው ደግሞ ለተቆለፈው ቢሰጥ ይብስ ያጠብቀዋል።

እስቲ ጠቋሚ ጣትዎን ከጆሮዎ ቀዳዳ ፊት ያሳርፉና አፍዎን ቀስ ብለው ይክፈቱ። ከጣትዎ ሥር የሚንከባለል ነገር ይሰማዎታል። የታችኛው መንጋጋ አናት ነው። መጀመሪያ ባለበት ይሽከረከራል፤ አፍ ሲሰፋ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በእሱና በራስ ቅሉ መሀል እንደ ቆብ የተደፋ ስስ ዲስክ አለ። ቆቡ ትንሽ ወደ ፊት ሸርተት ካለ፣ አፍ ሲከፈት አጥንቱ ተመልሶ ከሥሩ ይገባል። ቀጭ የሚለው ያኔ ነው። ሲዘጋ ደግሞ ይወጣል፤ አንዳንዴ ሁለተኛ፣ ለስለስ ያለ ቀጭታ ይሰማል።

ይህ ወልቋል ማለት አይደለም። መንጋጋ የወለቀ ሰው አፉ ተከፍቶ ይቀራል፤ መዝጋት አይችልም፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ መናገር ያቅተዋል። ሲያዛጉ ወይም ጥርስ ሲነቀልላቸው እንዲህ ሆነው የመጡ ብዙ አይቻለሁ። እርስዎ እየበሉና እያወሩ ነው ያሉት። ወጌሻው የሳበው ያልወለቀ መንጋጋ ነው። የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ እጃቸው የተባረከ ወጌሾች አሉ፣ አልክድም። የመንጋጋ መገጣጠሚያን ግን በኃይል ሲስቡት ጅማቱ ይለጠጣል፣ ውስጡ ይደማል። የባሰብዎትም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። አይድገሙት።

የኤምአርአዩ ወረቀትም አያስደንግጥዎት። ምንም የማያማቸውን ሰዎች በኤምአርአይ ያዩ ጥናቶች ከ3 ሰው የአንዱ ያህል ዲስኩ ተንሸራቶ አግኝተውታል። እነዚህ ሰዎች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ምንም አይሰማቸውም። ስለዚህ የተንሸራተተ ዲስክ ፎቶው ላይ መታየቱ ህመሙ የእሱ ነው ማለት አይደለም። የማያምና የማይቆልፍ ቀጭታ ሕክምና አያስፈልገውም። ታካሚዎቼ ይህን ስነግራቸው ደስ አይላቸውም። ድምፁ እንዲጠፋላቸው ነው የመጡት። ድምፁን ለማጥፋት ብዬ መርፌ አልወጋም።

ጆሮ ነው የተባሉት ለምን ይመስልዎታል? መገጣጠሚያው ከጆሮ ቦይ የሚለየው በስስ አጥንት ነው። ስሜት የሚወስደው ነርቭም ለሁለቱ የጋራ ነው። ጆሮዎ ታይቶ ንጹሕ ከሆነ የጠብታው ነገር እዚያ ላይ ያበቃል። ስለ ጥርሱ ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ወጥቷል።

ታዲያ የርስዎ ህመም ከየት ነው? ጣቴን ሳላሳርፍ አልምልም። የጻፉት ግን ወደ ጡንቻ ያደላል። ጠዋት የሚደርቅ ፊት፣ ከጎንና ጎን የሚይዝ ራስ ምታት፣ ሲያኝኩ የሚመጣ ድካም፣ የሌሊት ማፋጨት፤ እነዚህ ሁሉ ከልክ በላይ የሠራ ጡንቻ ምልክቶች ናቸው። ራስዎም መሞከር ይችላሉ። ጥርስዎን ግጥም አድርገው ሲነክሱ ጉንጭዎ ላይ የሚያብጠውን ጡንቻ ያግኙ። ከዚያ ጥርስዎን ለቀቅ ያድርጉና ያንኑ ቦታ በሁለት ጣት ለ5 ሰከንድ ጫን ይበሉ። «ይኸው፣ ይኸው ነው ህመሜ!» ካስባለዎ ጡንቻው ነው። የሚያምዎ ልክ ከጆሮ ፊት፣ አጥንቱ ላይ ሲነኩ ብቻ ከሆነ መገጣጠሚያው ነው። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

አሁን ወደ መርፌዎቹ። ከቦቶክስ ልጀምር፣ ቅዳሜ ስለደረሰ።

ቦቶክስ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን ትእዛዝ የሚያግድ መርዝ ነው፤ በጣም በትንሹ ተመጥኖ ነው የሚሰጠው። ጡንቻው በኃይል መኮማተር ያቅተዋል። በጥቂት ቀን ውስጥ ይጀምራል፣ በ2 ሳምንት ገደማ ጉልበቱ ይሞላል፣ ከ3 እስከ 4 ወር ቆይቶ ይለቃል። ያኔ ጡንቻው ይመለሳል፤ የማፋጨት ልማዱም አብሮት ይመለሳል። ዲስኩ ጋ አይደርስም፤ ቀጭታውንም አይነካም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤፍዲኤ ቦቶክስን እ.ኤ.አ. በ1989 ለዐይን ጡንቻ ችግሮች፣ በ2010 ደግሞ ለሥር የሰደደ ማይግሬን ፈቅዶታል። ለመንጋጋ መገጣጠሚያ ህመም ግን አልፈቀደም። ሐኪሞች ከፈቃዱ ውጭ ይጠቀሙበታል። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ እኔም አልፎ አልፎ አደርገዋለሁ። ታካሚው ግን ይህን አውቆ ነው መወጋት ያለበት።

«ፊቴ ሽባ ይሆናል ወይ?» ላሉት፣ ዘላቂ ሽባ አይሆንም። ነገር ግን መድኃኒቱ ወደ ጎረቤት ጡንቻ ከፈሰሰ ፈገግታዎ ለሳምንታት ሊጣመም ይችላል። ፎቶ ሲነሱ አንድ ጎን ይስቃል፣ ሌላው ዝም ይላል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ተደጋጋሚ መውጋት ነው። በየ4 ወሩ የሚወጋ ጡንቻ ይከሳል፣ ጉንጭ ይጎደጉዳል። ፊታቸውን ለማቅጠን ብለው ይህንኑ የሚፈልጉ አሉ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አጥንትም ጡንቻ ካልጎተተው ይሳሳል። በእንስሳት ላይ የመንጋጋው አናት ሲሳሳ በግልጽ ታይቷል። በሰው ላይ የተገኘው ውጤት ወዲያና ወዲህ ነው፤ ቢሆንም 34 ዓመት ለሆናት ሴት ለዓመታት የሚደጋገም ነገር እንድጀምርላት አያደፋፍረኝም። እርጉዝ ከሆኑ ወይም እርግዝና እያሰቡ ከሆነ አይወጉ። ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው የጡንቻ ድካም በሽታ ያለበት ሰውም አይሞክረው።

ዕቃውም ራሱ ጉዳይ ነው። ቦቶክስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚይዝ ማቀዝቀዣ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው በምን ይሠራል? ዕቃው በማን በኩል ገባ፣ በአስመጪ ነው ወይስ በሻንጣ? ጠርሙሱን አሳዩኝ ማለት መብትዎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤፍዲኤ በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች ውስጥ የሐሰት ቦቶክስ መገኘቱን አስታውቆ ነበር፤ የታመሙም ነበሩ። እዚያ እንዲህ ከሆነ እኛ ዘንድ መጠንቀቅ ነውር የለውም። ደግሞ የአንዱ ኩባንያ «ዩኒት»፣ ማለትም የመጠን መለኪያው፣ ከሌላው ዩኒት ጋር አንድ አይደለም። «50 ዩኒት ነው የምሰጥሽ» ሲባሉ «የየትኛው?» ብለው ይጠይቁ።

ሁለተኛው የቀረበልዎ እጥበቱ ነው። ይህንን አከብረዋለሁ፤ ለትክክለኛው ሰው ሲሆን። ሥራው እንዲህ ነው። ከጆሮ መሀል እስከ ዐይን ጥግ በእስክሪብቶ መስመር ይሰመራል። በማደንዘዣ ይደነዝዛል። ከጆሮ ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ አንድ መርፌ ወደ መገጣጠሚያው የላይኛው ክፍል ይገባል፤ ትንሽ ወደ ፊት ደግሞ ሁለተኛው። በአንዱ የጨው ውሃ ይገፋል፣ በሌላው ይወጣል። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ይላል፣ ቀስ በቀስ እንደ ቧንቧ ይፈስሳል። ውሃው ህመም የሚቀሰቅሱትን ኬሚካሎች ያጥባል፤ ግፊቱም ተጣብቆ የቀረውን ዲስክ ያላቅቀዋል። ከዚያ መንጋጋው በእጅ ይንቀሳቀሳል። ጠቅላላው ከ1 ሰዓት አይበልጥም። ዘዴውን ያስተዋወቁት የኢየሩሳሌሙ ሀዳሳ ሆስፒታል ሐኪም ዶሪት ኒትዛንና ባልደረቦቿ ዶልዊክና ማርቲኔዝ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጽሑፍ። የጻፉት ስለማን እንደነበር ልብ ይበሉ። አፋቸው ድንገት ተቆልፎ አልከፈት ስላላቸው ሰዎች ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ለታካሚዎቼ እናገራለሁ፣ ካልተናገርኩ ማታ ስልኬ ይጮሃል። ማደንዘዣው የፊትን ነርቭ ቅርንጫፍ ስለሚነካ ለጥቂት ሰዓት ቅንድብ አልነሳ፣ ዐይን አልከደን ሊል ይችላል። ቤተሰብ «ምች መታት» ብሎ ዳማከሴ ይዞ ይሯሯጣል። ማደንዘዣው ሲለቅ ይመለሳል። ዐይኑን እስከዚያ መሸፈን በቂ ነው። እብጠት ለአንድ ሁለት ቀን ይኖራል፤ ጥርስም ለጊዜው አልገጥም ያለ ይመስላል። ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ሲገጥም ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ንጽሕናው እንደ ቀዶ ሕክምና ነው መሆን ያለበት።

እርስዎ አፍዎ አልተቆለፈም። ሦስት ጣትዎን፣ ጠቋሚውን፣ መሀሉንና የቀለበቱን፣ ደርበው በፊት ጥርሶችዎ መሀል ቀጥ አድርገው ያስገቡ። ሦስቱም ከገቡ የአፍዎ ስፋት ከ40 ሚሊ ሜትር አይርቅም፣ ጤነኛ ነው። አፉ እንዲህ የሚከፈትለትን ሰው ማጠብ የማያፈስስ ጣሪያ መድፈን ነው። ነገር ግን አንድ ቀን ቀጭታው ድንገት ጠፍቶ፣ ያኔውኑ ሁለት ጣት እንኳ አልገባ ካለ፣ ዲስኩ ከፊት ቆሞ አላሳልፍ ብሏል ማለት ነው። ያኔ አይጠብቁ። በቀናትና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመጣ ሰው በልምምድም በእጥበትም የተሻለ ይሆናል። ዓመት ቆይቶ የመጣው ያታግላል።

እጥበቱ ላይ የሚጨመሩትስ? ፒአርፒ የሚባለው ከክንድዎ ደም ተቀድቶ፣ በማሽን ተሽከርክሮ፣ ፕሌትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ጥቃቅን ሕዋሳት፣ የበዛበት ክፍል ተለይቶ ነው። የራስ ደም ስለሆነ አለርጂ አያሰጋም። ችግሩ እያንዳንዱ ቤት በራሱ መንገድ ማዘጋጀቱ ነው። አንዱ ጋ የተገኘው ፒአርፒ ሌላው ጋ ካለው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጥናቶቹም እርስ በርስ አይስማሙም። መገጣጠሚያው ለተበላ፣ አጥንቱ ለሻከረ ሰው ልሞክረው እችላለሁ። ለጡንቻ ህመም ግን ደምዎን እጅዎ ላይ ቢተዉት ይሻላል።

የአክስትዎ ልጅ ጄል ሃያሉሮኒክ አሲድ ሳይሆን አይቀርም። በመገጣጠሚያ ውስጥ በተፈጥሮ ያለ፣ እንደ ቅባት የሚያለሰልስ ነገር ነው። ጉልበት ላይ በሰፊው ይወጋል። መንጋጋ ላይ አንዳንዱን ለወራት ያስታግሳል፤ ከተራ እጥበት የሚጨምረው ግን ያን ያህል አይደለም። እሷ መዳኗን አልጠራጠርም። ግን የመንጋጋ ህመም አብዛኛው ጊዜ ሲያገኝ በራሱም ይቀንሳል፤ ሰው ደግሞ የሚወጋው ህመሙ አናቱ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲወርድ ምስጋናውን መርፌው ይወስደዋል። በሽታዋም የርስዎ ላይሆን ይችላል።

ማንም ስላላቀረበልዎ ስቴሮይድን በአጭሩ ልለፈው። በሪህ መሰል ቁጣ ለተያዘ መገጣጠሚያ አንድ ጊዜ ሲሰጥ ፈጥኖ ያበርዳል። ሲደጋገም ልም አጥንቱን ይበላል። ስኳር ላለበት ሰው ለቀናት ስኳሩን ከፍ ያደርጋል። ከመገጣጠሚያው ወጥቶ ቆዳ ሥር ከቀረ ቆዳው ይሳሳል፣ ነጣ ያለ ምልክትም ይተዋል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ከሩቅ ይታያል። ፋርማሲ ሄደው መቀመጫዎ ላይ የሚወጉት ዳይክሎፌናክ ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ተራ ማስታገሻ ነው። ጨጓራ ካለብዎት ደግሞ በመርፌ መሆኑ ጨጓራዎን አያድነውም።

መንጋጋቸው ላልቶ ደጋግሞ ለሚወልቅባቸው ሰዎች ወፈር ያለ የግሉኮስ ውህድ ወይም የራሳቸው ደም መገጣጠሚያው ውስጥና ዙሪያ ይወጋል። ዓላማው ተቃራኒ ነው፤ ጠባሳ ፈጥሮ ማጥበቅ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሹልትስ የሚባል አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ላልቶ ለሚወልቅ መንጋጋ የሚያጠብቅ መርፌ ስለመስጠት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ለእነዚያ ሰዎች ከቀዶ ጥገና በፊት የምመርጠው ይህን ነው። ከእርስዎ ጋር ግን አይገናኝም። ማንም ቢያቀርብልዎ እምቢ ይበሉ።

የቀረው በጡንቻው ቋጠሮ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ ነው። ሊዶኬይን ጡንቻው ውስጥ ጠጥሮ የሚያመው ነጥብ ላይ ይሰጣል። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያልፋል፣ ያንን ቀን አፍ ዘና ብሎ ይከፈታል። እኔ የምጠቀምበት ህመሙ ልምምድ አላሠራ ላለው ሰው መንገድ ለመክፈት ነው። ብቻውን ያቆመው ህመም አላየሁም።

ይህ የእኔ ብቻ አስተያየት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በእንግሊዙ የሕክምና መጽሔት ቢኤምጄ የወጣ መመሪያ ለረጅም ጊዜ የቆየ የመንጋጋ ህመም የሚሰጡትን ብዙ ሕክምናዎች መዝኗል። አጥብቆ የደገፈው በባለሙያ የሚመራ የመንጋጋ ልምምድ፣ በእጅ የሚሠራ የጡንቻ ሕክምና፣ ስለ ህመሙ ማስረዳትና ማረጋጋት፣ በቤት የሚሠራ ልምምድ፣ ሐሳብና ልማድ ላይ የሚሠራ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ቦቶክስ፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ፣ ስቴሮይድ፣ የቋጠሮ መርፌና እጥበት ግን «ባይሰጡ ይሻላል» በሚለው ወገን ናቸው። ክልከላ አይደለም፤ ጥቅማቸው ትንሽ ወይም አጠራጣሪ ነው ለማለት ነው። መመሪያው ስለ ሰነበተ ህመም እንጂ ትናንት ስለተቆለፈ አፍ አይደለም የሚያወራው፤ ለዚህ ነው እጥበትን ለተቆለፈው ያቆየሁት።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ለ12 ሳምንት የሚከተለውን ይያዙ።

ጥርስና ጥርስ የሚነካኩት ሲያኝኩና ሲውጡ ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ ከንፈር ይዘጋል፣ ጥርስ ይለያያል፣ ምላስ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ላላ ብላ ታርፋለች። «ን» ሲሉ ምላስዎ የሚያርፍበትን ቦታ ያስተውሉ፤ እዚያ ነው። አሁን ይህን ሲያነቡ ጥርስዎ ገጥሞ ነበር አይደል? ኮምፒውተርዎ ጥግ ላይ ትንሽ ባለቀለም ወረቀት ይለጥፉ። ባዩት ቁጥር መንጋጋዎን ይፈትሹ። አንዲት ታካሚዬ በሰኔ የሒሳብ መዝጊያ ሰሞን ወረቀቱን ባየች ቁጥር ጥርሷ ገጥሞ ታገኘው ነበር። መስከረም ላይ የራስ ምታቷን ኪኒን ትታ መጣች። ወረቀት ነው ያዳናት ማለቴ አይደለም፤ ልማዱን ያየችው ግን በእሱ ነው።

ለጥቂት ሳምንት ለስላሳ ይብሉ። ሽሮ፣ ፍርፍር፣ ገንፎ፣ የተቀቀለ አትክልት። ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ ጥሬ ሥጋና ማስቲካ ይቅሩ። ትልቅ ጉርሻም ለጊዜው ይቅርብዎ፤ የሚያጎርስዎት ሰው ቢቀየም እኔን ይጥቀሱ። ጠርሙስ በጥርስ አይክፈቱ። ጫት ይቅሙ እንደሆነ አልጻፉልኝም። የሚቅሙ ከሆነ ግን ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ይርሱትና ከዚያ ይጀምሩ። ለሰዓታት በአንድ ጎን የሚሠራ ጉንጭ ምንም መርፌ አያሳርፈውም።

ጠዋትና ማታ በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለ15 ደቂቃ ጉንጭዎ ላይ ያድርጉ። ከዚያ ያንን የሚያምዎትን ጡንቻ በጣትዎ ቀስ እያሉ ያሹት። ምላስዎን ላንቃዎ ላይ እንዳሳረፉ አፍዎን ይክፈቱ፤ ምላስዎ ሳይለቅ እስከሚችለው ብቻ። 6 ጊዜ፣ በቀን 6 ዙር። መስተዋት ፊት ይሥሩት፣ አገጭዎ ወደ ጎን እንዳይሄድ። መንጋጋ የሚያውቅ ፊዚዮቴራፒስት ካገኙ በጣም ጥሩ፤ ብዙዎቹ ጀርባና ጉልበት ላይ ናቸው፣ ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ። ለባሰ ቀን አይቡፕሮፌን ከምግብ በኋላ፣ ለአጭር ጊዜ ይውሰዱ። ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ደም ማቅጠኛ ወይም እርግዝና ካለ ግን ሐኪም ሳይጠይቁ አይውሰዱ።

ሌሊት የሚደረገው የጥርስ መከላከያ ጥርስዎ እየተበላ ከሆነ ጥርሱን ያድንልዎታል። ህመሙን ያድናል ብዬ አልሸጥልዎትም። ንክሻሽን ላስተካክል ብሎ ጤነኛ ጥርስዎን መሞረድ የሚፈልግ ካለ ተነሥተው ይውጡ። የተሞረደ ጥርስ አይመለስም።

የሚከተሉት ካሉ 12 ሳምንት መጠበቅ የለም። ፊት ላይ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ወይም ትኩሳት። የከንፈር ወይም የአገጭ መደንዘዝ። ድንገት የተለወጠ ንክሻ። ሲራመዱ ወይም ደረጃ ሲወጡ መጥቶ ሲያርፉ የሚተው የመንጋጋ ህመም፤ ይህ ልብ ሊሆን ይችላል። ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ሲያኝክ የሚያም መንጋጋ ከአዲስ ራስ ምታትና ከዐይን መደብዘዝ ጋር ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ይታይ፤ ዐይን ሊጠፋ ይችላል። ቁስል የነበረበት ሰው መንጋጋው ከተቆለፈ፣ አንገቱም ከደረቀ፣ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው ቴታነስ ነው የሚታሰበው። ያ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው።

ከ12 ሳምንት በኋላ በውነት ሠርተው ካልተሻለዎት የፊትና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ ኤምአርአዩን ይያዙ። ጣቱን ጡንቻዎ ላይም መገጣጠሚያዎ ላይም አሳርፎ ካልመረመረ ሌላ ይፈልጉ። ጡንቻው ብቻ እንደሆነ ከተረጋገጠ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ቦቶክስ፣ ልምምዱ ሳይቋረጥ፣ ያኔ ልንነጋገርበት እንችላለን። በ4ኛው ወር ህመሙ ተመልሶ ቢመጣ ሁለተኛውን አልሰጥዎትም።

የቅዳሜውን ቀጠሮ ዛሬውኑ ደውለው ይሰርዙ። ቀብዱን ከመለሱልዎ ጥሩ። ካልመለሱም ይቅር፤ ቀብድ እንዳይቃጠል ተብሎ ፊት አይወጋም።